የሲሚንቶ አያት የለንም

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና እኔም ነገሬን ከሥሩ ልጀምር። የዚህ ጽሑፍ ሥር ያለው ሽንዲ ነው። ሽንዲን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ፍኖተ ሰላምን አልፈው ቡሬ ከደረሱ በኋላ ከባህር ዳሩ አውራ ጎዳና ወጣ ብለው የሚያገኟት የወንበርማ ወረዳ ከተማ ናት። በቆሎውና በርበሬው ደኅና ነው፤ ክረምቱም የዋዛ አይደለም።

እዚያ አንድ አጎት አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእህልና በበርበሬ ንግድ ላባቸውን አንጠፍጥፈው፣ ልጆች አስተምረው፣ የተረፈቻቸውን ጥሪት በሙሉ አንድ ነገር ላይ አፈሰሷት። ፎቅ ሠሩ። ከታች ሱቅና መጋዘን፣ ከላይ መኖሪያና የሚከራዩ ክፍሎች ያሉት ባለ አንድ ፎቅ ቤት። መስተዋቱ ከሩቅ ያብለጨልጫል። ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ ያንን መስተዋት እያየሁ ደስ ብሎኝ ገባሁ። አጎቴንና አክስቴን ያገኘኋቸው ግን ፎቁ ውስጥ አልነበረም። ከጓሮ፣ ከድሮው የጭቃ ማድ ቤት ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ።

«አጎቴ፣ ፎቁን ለማን ሠርተውት ነው እርስዎ እዚህ የሚቀመጡት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ፎቁማ ለሰው ዓይን ነው ልጄ፤ ለእኛ ይኸው ይሻለናል» አሉኝ። እንደ ቀልድ ነበር ያሉት። አክስቴ ግን አልሳቁም።

በኋላ ቤቱን ዞሬ አየሁት። ደረጃው የተቀመጠው በሱቁ ግንባር መካከል ነው፤ ማለት ደንበኛ ሊገባበት፣ ዕቃ ሊደረደርበት የሚገባውን የመንገድ ዳር ቦታ በልቶታል። ርምጃዎቹ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ በመሆኑ ጉልበታቸው የደከመው አክስቴ ሁለት ጊዜ ወድቀው ሦስተኛውን ላለመሞከር ወስነዋል። የላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ያረፈው ልክ በበርበሬው መጋዘን ራስ ላይ ነው። ውሃው ሰርስሮ ጣራውን አጠቆረው፤ ከሥሩ የተከመረው ጆንያም ሻገተ። የላይኞቹ ክፍሎች መተላለፊያ አንድም መስኮት ስለሌለው በእኩለ ቀን አምፖል ይበራበታል፤ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ በዳበሳ ነው። ያ ያማረ መስተዋት ያለው በምዕራብ በኩል ነው፤ በበጋ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ክፍሉ ምጣድ ይሆናል። የተከራየው መምህር መስተዋቱን በካርቶን ሸፍኖት አገኘሁት። ከሁሉ የከፋው ግን የቤቱ ማዕዘን ነው። ሁለተኛው ክረምት እንዳለፈ ከመሠረቱ ተነሥቶ ሰያፍ የወጣ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ።

«ፕላኑን ማን ሠራልዎ?» አልሁ። ከሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። የሌላ ሰው ቤት ፕላን ነው። ከጥጉ ላይ የባለቤቱ ስም ተፍቆ የአጎቴ ስም ተጽፎበታል። ማኅተም አለው፤ የማኅተሙ ባለቤት ግን ሽንዲን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ፕላኑ መጀመሪያ የተሠራለት ቦታ መንገዱ በሰሜን ነበር፤ የአጎቴ መንገድ በምዕራብ ነው። ስለዚህ ለሰሜን ብርሃን የታሰበው መስተዋት ተገልብጦ ከምዕራብ ፀሐይ ጋር ተፋጠጠ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። የሠላሳ ዓመት ላብ አፍስሶ ማድ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ማን በደለው?

«ወደ ወንዝ የተጣለ ገንዘብ»

መልሱን ከመስጠቴ በፊት በየከተማው የሚሰማውን አንድ አባባል ላንሣ። ቤት ሊሠራ የተነሣን ሰው «አርክቴክት ይዘሃል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁት «ለወረቀት ስንት ልከፍል? በዚያ ገንዘብ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ይገዛል!» ይላችኋል። ለአርክቴክት የሚከፈል ገንዘብ ወደ ወንዝ እንደተጣለ ይቆጠራል። አርክቴክት ለአዲስ አበባ ባንኮችና ሆቴሎች የተፈጠረ፣ ለሽንዲና ለቡሬ የማያስፈልግ ጌጥ ሆኖ ይታያል።

እኔ ደግሞ የምለው ተቃራኒውን ነው። አርክቴክት ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሠራ ሰው ነው። ባንክ አንዱ ሕንፃው ቢበላሽበት ሌላ ይሠራል። የአጎቴ ዕድሜ ግን አንድ ሕንፃ ብቻ ነው የሚያሠራው። ሁለተኛ ዕድል የሌለው ሰው ነው በመጀመሪያው ሊጠነቀቅ የሚገባው።

እስቲ ሒሳቡንም እንየው። እንበልና አንድ ቤት በድምሩ 200 ካሬ ሜትር ወለል አለው። ከዚህ ውስጥ 30 ካሬ ሜትሩ በጨለማ መተላለፊያ፣ ያለ ቦታው በተሰካ ደረጃና የቤት ዕቃ በማይቀመጥበት ጥጋ ጥግ ባከነ እንበል። ይህ ከወለሉ 15 በመቶ ነው። ባለቤቱ ለዚያ 15 በመቶ መሠረት ቆፍሯል፣ ፌሮ ገዝቷል፣ ሲሚንቶ አፍስሷል፣ ጣራ አልብሷል። ነዳፊው ከጠቅላላው ወጪ አምስት በመቶ ቢጠይቀው ኖሮ እንኳ፣ የባከነው ከዚያ ሦስት እጥፍ ነው። የሻገተው በርበሬ፣ ያልተከራየው ክፍል፣ ስንጥቁን ለመለሰን የሚወጣው ገንዘብ ገና አልተቆጠረም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ልዩነቱ፣ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የፈሰሰ ኮንክሪት ግን አይለቀምም።

«አያቶቻችን በየትኛው ዲፕሎማ ሠሩ?»

ሁለተኛው መከራከሪያ ደግሞ የአገር ኩራት ለብሶ ይመጣል። «ላሊበላን የፈለፈሉት፣ የጎንደርን ግንብ የገነቡት በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ተምረው ነው? የጎጃም ገበሬስ ጎጆውን ሲቀልስ አርክቴክት ጠርቶ ያውቃል?» ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች አያቶቻቸውን ያከበሩ ይመስላቸዋል። እንደ እኔ አስተያየት ግን እየሰደቧቸው ነው።

ጎጆን ልብ ብለን እንመልከት። ክብ ነው፤ ነፋስ የሚመታው ጥግ የለውም። ክዳኑ ሾጣጣ ነው፤ የጎጃም ዝናብ ሳያርፍ ይንሸራተታል። ክፈፉ ከግድግዳው አልፎ ይወርዳል፤ ጭቃው አይርስም። ጭቃው በጭድ ይቦካል፤ ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ይይዘዋል። የሚሠራው ውሃ ከማይተኛበት ከፍ ካለ ቦታ ነው። በዚህ ውስጥ በዘፈቀደ የተደረገ አንዳች ነገር የለም። ብዙ ትውልድ ሞክሮ፣ ወድቆበት፣ አርሞ ያቆየው ንድፍ ነው። ልጅ ከአባቱ፣ አባት ከአያቱ ተረክቦታል።

ቤተ ክርስቲያኑንም ተመልከቱ። ክቡ የጎጃም ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብሎ ሦስት ቦታ ተከፍሏል። ማን የት እንደሚቆም፣ ማን እስከየት እንደሚገባ፣ ድምፁ ከየት ወደየት እንደሚሄድ ታስቦበታል። ይህ የሥነ ሕንፃ ንድፍ ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል? ላሊበላ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። እዚያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልተካበም፤ ከአንድ አለት ነው የተፈለፈለው። በስሕተት የተነሣን ድንጋይ መልሶ መለጠፍ አይቻልም። ስለዚህ መዶሻው ከመነሣቱ በፊት ሕንፃው በአንድ ሰው ወይም በጥቂት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ አልቆ ነበር ማለት ነው። ያ ጭንቅላት ነው አርክቴክት። አያቶቻችን አርክቴክት አልነበራቸውም ማለት ውሸት ነው፤ ዲፕሎማ አልነበራቸውም ማለት ግን እውነት ነው። ሁለቱን አናምታታ።

አያቶቻችን ያወረሱን እውቀት የእንጨት፣ የጭቃ፣ የሣርና የድንጋይ እውቀት ነው። እኛ ያንን ጥለን ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮና መስተዋት ያዝን። መያዛችን አይነቀፍም። ነገር ግን ከጭቃው ጋር እውቀቱንም መጣላችንን አላስተዋልንም። ጭቃን አያታችን ያውቁታል፤ ብንሳሳት ይነግሩናል። ኮንክሪትን ግን አያታችን አያውቁትም። የሲሚንቶ አያት የለንም። ለዚያ ለሌለው አያት የቆመልን ምትክ ትምህርት ቤቱ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለውም ለዚህ ነው።

ግንበኛው ያውቃል፤ ግን ምኑን?

በዚህ ላይ ግንበኛን ማንኳሰስ አልፈልግም። አገሪቱን በእጁ የሠራት ግንበኛው ነው። ውሃ ልክና ቱንቢ ይዞ ቀጥ ያለ ግድግዳ ማቆም የሚችል ሰው ክብር ይገባዋል። ነገር ግን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅና ምን፣ የትና ለምን እንደሚሠራ ማወቅ ሁለት ሙያ ነው።

አንድ ምሳሌ ላምጣ። ኮንክሪት ሲጨመቅ ብርቱ ነው፤ ሲለጠጥ ግን ደካማ ነው። ፌሮ የሚገባበት መለጠጡን እንዲችልለት ነው። በሁለት ግድግዳ መካከል የተዘረጋ ወለል ከላይ ሲጫኑት መሐሉ ወደ ታች ይጎብጣል፤ ስለዚህ የሚለጠጠው የታችኛው ገጹ ነው፤ ፌሮውም በታች ይሆናል። ከግድግዳ ወጥቶ የተንጠለጠለ በረንዳ ግን ጫፉ ሲጫን የሚለጠጠው ላዩ ነው፤ ፌሮውም ወደ ላይ መውጣት አለበት። ሁልጊዜ በታች ማድረግ የለመደ እጅ በረንዳውንም በታች ካደረገው፣ በረንዳው አምሮ ይቆምና አንድ የሠርግ ቀን ሰው ሲሞላበት ይወርዳል። ፌሮው አላነሰም፤ ሲሚንቶው አልተሰረቀም፤ የጎደለው እውቀት ብቻ ነው።

ይህን የሚያሰላው መዋቅር የሚሠራው መሐንዲስ እንጂ አርክቴክቱ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ትክክል ነው። በአገራችን ሁሉም «ኢንጂነር» እየተባለ ስለሚጠራ ሥራቸው ተደባልቋል። አርክቴክቱ ቤቱ ምን እንደሚሆን ይወስናል፤ ሰው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ፀሐይ በየት እንደምትገባ፣ እርጥብ ክፍል ከደረቅ ክፍል እንዴት እንደሚለይ፣ ደረጃው ለሽማግሌና ለሕፃን እንዲመች ያስባል። መሐንዲሱ ያ የታሰበው እንዲቆም ያሰላል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። የመጀመሪያው ከሌለ ግን ሁለተኛው የሚያሰላው ነገር ራሱ የለም።

የአጎቴ ስንጥቅም ከዚሁ ይመደባል። ቤቱ የተሠራው ዋልካ ላይ ነው። ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በእርሻ ላይ ይህን የማያውቅ የጎጃም ገበሬ የለም። በሬ ጠምዶ የሚያውቀውን ግን ቤት ሲሠራ ረሳው፤ ምክንያቱም የድሮው ጎጆ ቀላል ነበር፤ አፈሩ ቢንቀሳቀስ እንጨቱ አብሮ ይንቀሳቀሳል። የኮንክሪት ቤት አይንቀሳቀስም፤ ይሰበራል። ሙያተኛ ቢጠራ ኖሮ የመጀመሪያ ሥራው ጉድጓድ አስቆፍሮ አፈሩን ማየት፣ ከዚያም መሠረቱ ምን ያህል እንደሚጠልቅና የጣራው ውሃ ከመሠረቱ እንዴት እንደሚርቅ መወሰን ነበር።

የሞቱ ሰዎች ምስክርነት

ያለ ንድፍ የተሠራ ወይም ከንድፉ የወጣ ሕንፃ የሚያስከፍለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የሚባል ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ሕንፃውን የነደፈው አርክቴክት በኋላ ሲጠየቅ፣ እሱ የነደፈው ለሱቅና ለቢሮ እንጂ ለፋብሪካ እንዳልነበር ተናገረ። ባለቤቱ ያለ ፈቃድ ፎቅ ጨመረበት፤ ከባድ ማሽንና ጄኔሬተር ተጫነበት። ከመውደቁ በፊት በነበረው ቀን ስንጥቅ ታይቶ ነበር። በማግሥቱ ሠራተኞቹን ግቡ አሏቸው።

በእኛም አገር «መሠረቱ ለሁለት ፎቅ ነው፤ ግን ሦስተኛ ይችላል» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ማነው «ይችላል» ያለው? በምን ሒሳብ?

ሕጉና ወረቀቱ

መንግሥት ይህን አልዘነጋውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ትንሿን ባለ አንድ ወለል ቤት ከባለ ፎቁ፣ ባለ ፎቁን ደግሞ ከሕዝብ መገልገያ፣ ከፋብሪካና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ሕንፃ ለይቶ አስቀመጠ። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ሙያና ኃላፊነት ከፍ እንዲል ታስቦ ነው። ከዚያም በፊት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሕንፃ ጽናት ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ደንግጓል። ሕግ አልጠፋም።

የጠፋው ሌላ ነው። ፕላን ለማዘጋጃ ቤት የሚገበር ግብር ሆኖ ቀረ። ባለቤቱ ፕላን የሚያሠራው ቤት ለመሥራት አይደለም፤ ፈቃድ ለማውጣት ነው። ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ፕላኑ ሣጥን ይገባል፤ ቤቱ በግንበኛውና በባለቤቱ ምክር ይሠራል። ማዘጋጃ ቤቱ ማኅተሙን ያያል እንጂ ማኅተሙ ያረፈበት ወረቀት የዚህ ቦታ ይሁን የሌላ አይመረምርም። የማኅተሙ ባለቤት ደግሞ በየወረቀቱ ስሙን እያከራየ ይኖራል።

እዚህ ላይ የራሳቸው የአርክቴክቶቹ ጥፋት መነገር አለበት። ስሙን የሚያከራይ አርክቴክት መርፌውን ለዘበኛ ሰጥቶ «አንተው ውጋ» እንደሚል ሐኪም ነው። ሕዝቡ አርክቴክትን ወረቀት ሻጭ አድርጎ ቢያየው፣ ወረቀት ሲሸጥ ስላየው ነው። ከዚያም ወዲያ ስንቱ አርክቴክት ነው ከአዲስ አበባና ከባህር ዳር ወጥቶ ፍኖተ ሰላም ቢሮ የከፈተ? ስንቱ ነው ለበርበሬ ነጋዴ መጋዘን መንደፍን እንደ ቁም ነገር የሚቆጥረው? የትምህርቱ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። በ1947 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ከተመሠረተ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ማብቂያ በዚያው አገር ርዳታ በየገጠሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሠሩ፣ ዛሬ ድረስ ብዙዎቻችን የምናስታውሳቸው እነዚያ ቀላልና ንጹሕ ክፍሎች በሙያተኛ ተነድፈው ነበር። ንድፍ ወደ ገጠር መውረድ ይችላል፤ ወርዶም ያውቃል።

ከጋንዶ የመጣ ምስክር

«ለትንሽ ከተማ አርክቴክት ምን ያደርጋል?» ለሚለኝ ሰው አንድ የመጨረሻ ምስክር ልጥራ። ምስክሩ ከአውሮፓ አይደለም፤ ከአፍሪካ መንደር ነው። በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ የምትባል መንደር አለች። ከዚያ የወጣ ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ የሚባል ልጅ ከመንደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት የገባ ነው። አናጢነት ተማረ፤ በኋላም በርሊን ሄዶ ሥነ ሕንፃ አጠና። ገና ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ለመሥራት ተነሣ።

የመንደሩ ሰው የጠበቀው የፈረንጅ አገር ዓይነት የኮንክሪትና የመስተዋት ሕንፃ ነበር። እሱ ግን በጭቃ እንሥራ አላቸው። «ጭቃ ክረምትን አይችልም» ብለው ተጠራጠሩ። ኬሬ ጭቃውን ጥቂት ሲሚንቶ ቀላቅሎ ጡብ አደረገው። ቆርቆሮውንም እንደ እኛ አገር ከግድግዳው ላይ አልደፋውም፤ ከክፍሉ ኮርኒስ በላይ በብረት አንሥቶ ክፈፉን አስረዘመው። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ ያልፋል፤ የጋለው አየር ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዝናቡም ግድግዳውን አይነካም። የመንደሩ ሰው ራሱ በእጁ ሠራው። እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። ኬሬም እ.ኤ.አ. በ2022 በሙያው ትልቅ የሚባለውን የፕሪዝከር ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

ልብ በሉ፤ ጭቃው የዚያው መንደር ጭቃ ነው፤ ቆርቆሮው እኛም ዘንድ ያለው ቆርቆሮ ነው፤ ሠራተኛው የመንደሩ ገበሬ ነው። አዲስ ነገር የተጨመረው አንድ ብቻ ነው፤ የተማረና መንደሩን የሚያውቅ ጭንቅላት። በሽንዲ ስንት ክፍል ተማሪ በጋለ ቆርቆሮ ሥር እያላበው፣ በረዶ ሲወርድ መምህሩን መስማት አቅቶት ይቀመጣል? ይህን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሲሚንቶ ነው ወይስ ሐሳብ?

ምን ይደረግ?

መቼም ነቅፎ መሄድ ቀላል ነው ትሉኝ ይሆናል። ስለዚህ የሚመስለኝን ልናገር።

በመጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቶቻችን። ሽንዲ ብቻዋን ባትችል ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ጋር ሆና አንድ አርክቴክት መቅጠር አያቅታትም። ይህ ሰው ወረቀት ላይ የሚያኅትም ሳይሆን ቦታው ድረስ እየሄደ የሚያይ ይሁን። ለትንንሾቹ ቤቶች ደግሞ ለዚያው አገር ዝናብ፣ ለዚያው አገር አፈርና ለዚያው አገር ኑሮ የተነደፉ ጥቂት ፕላኖች አዘጋጅቶ በአነስተኛ ዋጋ ይስጥ። የበርበሬ ነጋዴ መጋዘን፣ ባለ ሱቅ መኖሪያ፣ ለተማሪ የሚከራይ ክፍል የሚሠራ ሰው ሁሉ ከባዶ መጀመር የለበትም። ሥነ ሕንፃ በክልል ዩኒቨርሲቲዎች ጭምር በሚሰጥበት በዚህ ዘመን ሙያተኛ የለም ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ አርክቴክቶቹ። ማኅተማቸውን ያክብሩ፤ ሌላው እንዲያከብርላቸው ከፈለጉ። ያላዩትን ቦታ አይፈርሙ።

ሦስተኛው እኛ ነን፤ ቤት ሠሪዎቹ። ቤት ሊሠራ የተነሣ ሰው ሙያተኛውን ይጠይቅ። ቦታዬን መጥተህ አየኸው ወይ? አፈሩን አስቆፈርኸው ወይ? የክረምቱ ጎርፍ በየት እንደሚያልፍ ጎረቤት ጠየቅህ ወይ? ማን ማን እንደሚኖርበት፣ ሽማግሌ እንዳለ፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ ሰማኸኝ ወይ? ለእነዚህ «አዎን» ያላለ ሰው አርክቴክት አይደለም፤ ፕላን ሻጭ ነው። «አዎን» ካለ ግን ገንዘቡ ይገባዋልና ይከፈለው። ሲሠራም ይምጣ፤ የነደፈውን ይከታተል። ባለቤቱም በመሐል «ይህን መስኮት ዝጋው፤ ያንን ፎቅ ጨምረው» እያለ ንድፉን አይግደለው።

ከሽንዲ ስመለስ አጎቴ እስከ መኪናው ሸኙኝ። ፎቃቸውን ቀና ብለው አዩና «እስቲ አንተ ከተማ ነህ፤ ይህ ነገር ይስተካከል እንደሆን አንድ የሚያውቅ ሰው ጠይቅልኝ» አሉኝ። ጠየቅሁ። የተጠየቀው ባለሙያ ፎቶግራፎቹን አየና መታጠቢያ ቤቱ ከመጋዘኑ ራስ ሊነሣ እንደሚችል፣ መተላለፊያው ከጣራው በኩል ብርሃን ሊያገኝ እንደሚችል፣ የጣራው ውሃ ከመሠረቱ መራቅ እንዳለበት፣ ስለ ስንጥቁ ግን ሳያይ ምንም እንደማይል ነገረኝ። «ሳላይ አልናገርም» ያለኝን ቃል ወደድሁለት። ስለ ደረጃው ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «ለእሱ መጀመሪያ ነበር መጥራት» አለኝ።

ይህን ለአጎቴ በስልክ ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «ይሁን፤ ያንን ሰው ይዘኸው ና። የታናሽ ወንድሜ ልጅም ቤት ሊሠራ መሬት ገዝቷል፤ እሱ እንኳ ሳይቆፍር ይድረስለት» አሉ።